ከሦስቱ ነጥቦች በፊት

ቶሎ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ስሙ ሌላ ነው። በነገሩ ሁሉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስለሚል ጣቢያው ያወጣለት ስም ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት ቴክኒሽያን ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት። ፍላሹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የሚጠጣ ውሃ ጠየቀ።

«ልጅዎ የለችም?» አለኝ።

«ወደ እናንተ ሄዳለች። መንገድ ላይ ተላልፋችኋል።»

«ይሻላል። እሷ ካለች አንዱን ነገር ሦስቴ ታስደግመኛለች።»

እኔ የውሃ በር ጠባቂ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ጣቢያችን ግድቡ አናት ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የሦስቱ በሮች መብራት። በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው አሁን ማሽን ነው። ማሽኑ በየሰዓቱ፣ ሰዓቱ ልክ ሲሞላ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ «ዋና» የሚል ስም የተሰጠውን ፕሮግራም ያነባል። ያነበበውን ይሠራል። ፕሮግራሙን የምትጽፈው ልጄ ናት።

በዚያ ቀን ባሏ ከሦስተኛው በር በታች ነበር። በያጅ ነው። የበሩ የብረት መቆለፊያ ተሰንጥቆ ስለነበር ያንን ሊበይድ ጠዋት ውሃው ወደሚወጣበት ዋሻ ወረደ። አብሮት የሚወርደው ሰው ታሞ ቀርቷል፤ ብቻውን ነው። ውሃው ደግሞ ከመለኪያው አራተኛ መስመር አልፏል። ከዚያ መስመር ሲያልፍ ማሽኑ ሦስተኛውን በር ይከፍታል፤ ሥራው ነው። ስለዚህ ልጄ ማለዳ ከመሄዷ በፊት ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፦ ሰው ከታች እያለ ውሃው ምንም ቢሞላ በሩ አይከፈት። ጽፋ ስትጨርስ ለእኔ አነበበችልኝ። ከዚያ ባሏን «አሁን ውረድ» አለችው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘን መስመር ከተቋረጠ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። እነሱ እዚያ ይጽፋሉ፤ እሷ እዚህ ትጽፋለች። መስመር ሲጠፋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሠራው ሥራ ሁሉ በአንድ ጥቅል ታስሮ በፍላሽ ይሄዳል፣ በፍላሽ ይመጣል። ልጄ የእኛን ጥቅል በቦርሳዋ ይዛ ወደዚያ ሄደች። ቶሎ የእነሱን በኪሱ ይዞ ወደዚህ መጣ።

ጥቅል ሲመጣ ልጄ እንዴት እንደምትቀበለው ሰባት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጥቅሉ ውስጥ ሥራው አለ፤ ስሞችም አሉ። ስም ማለት ሥራው ላይ የተንጠለጠለ ካርድ ነው፤ «የመጨረሻው ይኸኛው ነው» የሚል። የእነሱ የመጨረሻ ሥራ «ዋና» ይባላል። የእኛም «ዋና» ይባላል። ሁለቱም ዋና ነኝ ባይ ናቸው። ስለዚህ ልጄ «እንግዳ» የሚል ክፍል ሠርታ የመጣውን ስም ሁሉ እዚያ ታሳርፈዋለች።

«እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ቀጥ ብሎ ጓዳ አይገባም፣ አባዬ» ትለኛለች።

ከዚያ የእነሱንና የእኛን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። የሚረባውን ታስገባለች፤ የማይረባውን ትተዋለች። አንድ ቀን፣ ካርዱ የተነሳበት ሥራ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት።

«ለጊዜው ይኖራል። ግን መንገዱን የሚያውቅ የለም። ቆይቶ ጠራጊው ፕሮግራም ያነሳዋል» አለች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምትሉት እዚህ ውስጥ የምር ነው።»

ቶሎ ፍላሹን ሰካ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈለት ትእዛዝ ነው፤ አንድ መስመር። ወረቀቱን እያየ በሁለት ጣቱ ጻፈ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና መለሰ።

«አለቀ» አለ ቶሎ። «አዩ? አምስት ደቂቃ። ልጅዎ ለዚህ ግማሽ ቀን ትፈጃለች።»

ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። የፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ተገጣጥሞ ሲመጣ ግን አያናግረኝም። ቢሆንም ያንን መስመር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቀስት አለው። ከቀስቱ ወዲህ «ዋና» ይላል፤ ከቀስቱ ወዲያ «እንግዳ» ይላል። ዛሬ ከቀስቱ ወዲህም «ዋና»፣ ወዲያም «ዋና»።

«እንግዳው የት ገባ?» አልኩት።

«የምን እንግዳ? እንግዳው እኔ ነኝ። ውሃ እንኳ ለምኜ ነው የጠጣሁት።»

«ከቀስቱ ወዲያ እንግዳ ይል ነበር።»

ዞር ብሎ አየኝ። ሳቁ አልጠፋም።

«መጀመሪያው ላይ ያለችው መስቀልስ?» አልኩት። «እሷንም አይቻት አላውቅም።»

«መስቀል አይደለችም፣ አባት። መደመር ናት። ወረቀቱም ላይ አለች። ትምህርት ቤት አልገቡም እንዴ?»

«እስከ አራተኛ ገብቻለሁ።»

«አራተኛ ከደረሱማ ያውቋታል። መደመር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የእነሱን በእናንተ ላይ ጨመረችው። በቃ።»

«ከጨመረች ሁለት መሆን አለበት። ሁለተኛው ዋና የታለ?»

«ኧረ እርስዎስ ከልጅዎ ይብሳሉ!» አለና የስሞቹን ዝርዝር አወጣ። አንድ ዋና። ሌላ የለም። ፕሮግራሙን ክፈት አልኩት። ከፈተ። ሦስተኛው በር ጋ ሂድ አልኩት። ሄደ። ልጄ ማለዳ ያነበበችልኝ ቃል እዚያ መኖር ነበረበት። አልነበረም። ቦታው ላይ ድሮ የነበረው ነው ያለው፦ ውሃው ከአራተኛው መስመር ካለፈ ክፈት።

ቶሎ ወረቀቱን አየ። ስክሪኑን አየ።

«ከታች ሰው አለ እንዴ?» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አማቼ አለ።»

የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሠላሳ አምስት ይላል። ማሽኑ ስድስት ሲሞላ ያነባል።

ስልክ እኛ ጋ የሚሰማው መስኮቱ ሥር ብቻ ነው። ቶሎም እኔም እዚያ ሄደን ደወልን። ልጄ መኪና ውስጥ ነበረች፤ ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት። ወረቀቱን ቶሎ ያንብብልኝ አለች። አነበበላት። ድምፅዋ በጫጫታው ተዋጠብኝ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አባዬ፣ ያቺ መደመር መደመር አይደለችም። እዚያ ቦታ ላይ ስትገባ ‘በግድ’ ማለት ናት። የነበረውን አትይ፣ ስሙን ነጥቀህ ለመጣው ስጥ ማለት ናት።»

«መደመር እኮ ናት!» አለ ቶሎ፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም።

«ማሽኑን ላጥፋው?» አልኳት።

«እንዳትነካው! ኃይል ሲያጣ በሩ ራሱ ይከፈታል። ግድቡ ሞልቶ እንዳይፈርስ ብለው እንዲያ ነው የሠሩት።»

በእጅ ልንይዘው አንችልም፤ በእጅ የሚዞረውን የበሩን መሪ ነቅለው ከወሰዱት ዓመት አልፎታል፤ አያስፈልግም ብለው። የብረት መቆለፊያውን ደግሞ አማቼ እየቆረጠው ነው።

ቶሎ «እኔ ላውጣው» ብሎ ተነሳ። ወደ ዋሻው ሦስት መቶ ደረጃ አለ፤ ከዚያ ጨለማውን መሄድ ነው። ስልክ አይሰማም። በደህና እግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ መመለሻውን ሳንቆጥር። ይህን አልነገርኩትም። በሩን ከፍቶ ሲሮጥ አየሁት፤ እግሩን እየጎተተ፣ የደረጃውን ብረት እንደ ገመድ ይዞ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አልኩ በሆዴ። መልቀሙ ግን ይድረስ አይድረስ እንጃ።

«ቶሎ የት ሄደ?» አለች ልጄ።

«ወረደ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ የምትጽፈው።»

«እኔ?»

«አንተ። እኔ ኮምፒውተር አልያዝኩም፤ መኪናውም ቢመለስ ሁለት ሰዓት ነው። አባዬ፣ ሌላ ሰው የለም።»

እኔ ኪቦርዱን ከአቧራ ከመጥረግ በቀር ነክቼው አላውቅም።

ከቀን መቁጠሪያው አንድ ገጽ ቀደድኩና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ፊደል በፊደል ነገረችኝ። እኔ እየደገምኩ ጻፍኩ። «ከዚህ በኋላ ክፍተት» ስትለኝ «ክፍተት» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ስሙን ስትለኝ ደስ አለኝ፤ «ዋና» በእኛው ፊደል ነው። ልጄ ሁሉን ነገር እንዳነበው ብላ ስሞቹን በአማርኛ ነው የምታወጣው።

«አሁን የቀረው አድራሻው ነው» አለች። «እያንዳንዱ ሥራ አድራሻ አለው። ቁጥርና ፊደል የተደባለቀ፤ ሰባት ናቸው። ቀስቱ ያለበት መስመር ላይ ሁለት አድራሻ አለ፤ መሃላቸው ሦስት ነጥብ። ሂድና እየው።»

ሄጄ አየሁ። ተመለስኩ። «አለ።»

«አንዱ የእኔ ሥራ ነው፤ አንዱ የእነሱ። የእኔን አድራሻ ጻፍለት። ስሙ ወደ እኔ ሥራ ይመለሳል። ተሳስተህ የእነሱን ከጻፍክ ማሽኑ ምንም አይልህም፤ እሺ ይልሃል፤ ግን አልተመለሰም። የእኔ ከነጥቦቹ...»

ተቋረጠ።

ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም» አለችኝ ያቺ የማትደክመዋ ሴትዮ። እንደገና ደወልኩ። ያንኑ አለችኝ። ሦስተኛ ስደውል ሰዓቱ አምስት ከአርባ ዘጠኝ ነበር። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወደ ስክሪኑ ሄድኩ።

ከነጥቦቹ በፊት፦ ዘጠኝ፣ ሲ፣ አራት፣ ኢ፣ ዜሮ፣ ቢ፣ ሰባት። ከነጥቦቹ በኋላ፦ አንድ፣ ዲ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ስምንት። ከሁለቱ አንዱ አማቼ ነው። ሌላው ውሃ ነው። ሁለቱም እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ።

ቁጭ አልኩ። ቀስ ብዬ አሰብኩ። ፈረቃ ስንቀያየር ርክክብ እንፈርማለን። በርክክብ ቅጽ ላይ አስረካቢው ቀድሞ ይጻፋል፤ ተረካቢው ኋላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ተገልብጦ አይቼ አላውቅም። ያስረከበው የእኛ ሥራ ነው፤ የተረከበው የእነሱ። ስለዚህ የእኛ ፊተኛው ነው።

ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ አነሳሁት። ለማሽን የርክክብ ደንብ ማን አስተማረው? የፈረንጅ ነገር ነው፤ ምናልባት ተረካቢው ይቀድም ይሆናል።

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጠረግኩት። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረ። ቶሎ ያወጣው የስሞቹ ዝርዝር ከታች አለ። አንድ መስመር፦ «ዋና»፣ አጠገቡም አድራሻ። አንድ፣ ዲ፣ ሁለት፣ ሁለት። ኋለኛው ነው። ካርዱ አሁን የተንጠለጠለው ኋለኛው ላይ ነው። አሁን ያለው የእነሱ ከሆነ፣ የእኛ ፊተኛው ነው። ቅጹ ልክ ነበር።

አምስት ከሃምሳ ሦስት።

ከወረቀቱ ወደ ኪቦርዱ፣ ከኪቦርዱ ወደ ስክሪኑ እያየሁ ጻፍኩ። ኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ በተራ አልተቀመጡም፤ ማን እንደዘራቸው አላውቅም። አንዱን ፊደል ስፈልግ ዓይኔ ደጋግሞ አልፎት ሄደ። ወደ አማርኛ የሚቀይረውን ቁልፍ ልጄ ቀይ ቀለም ስለቀባችው አላስቸገረኝም። «ዋና»ን ጻፍኩ። አድራሻውን ጻፍኩ። ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ።

ማሽኑ አንድ ረጅም መስመር መለሰልኝ። ሲቀበል ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ሲናገር ቁጣ ነው።

የጻፍኩትንና ወረቀቱን በጣቴ እየነካሁ አስተያየሁ። ክፍተቱ አለ። ስሙ አለ። አድራሻው ላይ ስደርስ አምስተኛው ላይ ቆምኩ። ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ከሌሎቹ ቁጥሮች ይወፍራል፤ ክብ ነው። የተጫንኩት ፊደሉን ኦ ነው። ቁጥሩ ከላይኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነው።

አምስት ከሃምሳ ስምንት። ከመጀመሪያው ደግሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ የጻፉትን መልሶ የሚያመጣ ቁልፍ እንዳለው ኋላ ነው የሰማሁት። በአንድ ጣት ጻፍኩ፤ ቁልፉን ስጫን ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍት ስክሪኑ ዝም ብሏል።

ዝርዝሩን እንዴት እንደሚያወጡ አላውቅም። ስለዚህ ልክ መሆኑን የማይበት አልነበረኝም። ተነስቼ ግድግዳው ላይ ካለው ሦስተኛ መብራት ፊት ቆምኩ። ቀይ ነው፤ ዝግ ማለት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ተከፍቷል ማለት ነው። አማቼ ጠዋት ሲወርድ «አባባ፣ ምሳ ሳይበሉ ይጠብቁኝ» ብሎኝ ነበር። ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ስድስት ሞላ። ከወለሉ ሥር ሞተሩ አጓራ። በየሰዓቱ እንዲህ ያደርጋል፤ በሮቹን ለመሞከር ትንሽ ይነሳና ይቆማል። ሰባት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ አድምጬው ግን አላውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። አራት። ቆመ።

መብራቱ ቀይ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ሰባት ሩብ ጉዳይ ሁለቱ መጡ። ቶሎ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው፤ አይናገርም። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከኋላው ገባ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለ። «ዋሻው ውስጥ ‘ውጣ፣ ውጣ’ እያለ መጣብኝ። እባብ አየ ብዬ ሳቅኩበት። አልቅሶ ሊጨርሰኝ ነበር። አባባ፣ እርስዎስ ምነው መሬት ላይ?»

ነገርኩት። እየሰማ መነጽሩን አወለቀ። ሳቁም አብሮ ወለቀ።

ስልኩ ጮኸ። ልጄ ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው «ወጣ?» ብላ ነው። ስልኩን ሰጠሁት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ እሱ «እሺ፣ እሺ፣ አለሁ» ብቻ ይል ነበር። ከዚያ እኔን ጠራችኝ። ቶሎ እሷ እንዳለችው ዝርዝሩን አወጣ፤ እኔ ወደ መስኮቱ እየጮህኩ አነበብኩ። «ዋና»፤ ዘጠኝ፣ ሲ፣ አራት።

«ልክ ነው፣ አባዬ» አለች። «የእኔ ነው። ይይዛል።»

ይህ መጨረሻው መሰለኝ። አማቼ ግን ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ልወርድ ነው» አለ። «የመቆለፊያውን አንደኛ ክንድ ቆርጬ ነው የተውኩት። ዛሬ ካልበየድኩት ውሃው እንዲህ እየገፋ ሁለተኛው ብቻውን አይችለውም። በሩ ራሱ ይነቀላል።»

ጓንቱን አጥልቆ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«አባባ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ይይዛል?»

ልጄ ይይዛል ብላለች። ዝርዝሩን አይቻለሁ። መብራቱን አይቻለሁ። ቢሆንም አፌ «ይይዛል» የሚለውን ቃል አላወጣ አለ። ቃሉ ቀላል ነው፤ ከኋላው ያለው ነው የከበደው። ኮቴን ከምስማሩ ላይ አነሳሁ።

«ሁለተኛ ሰው የለህም» አልኩት። «መብራቱን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ኧረ አባባ! ሦስት መቶ ደረጃ ነው። ሲመለሱ ማን ይሸከምዎታል?»

«ቶሎ አለ።»

ቶሎ አልሳቀም። ወንበሩን ከኪቦርዱ ሁለት ክንድ ያህል አራቅኩና እዚያ አስቀመጥኩት። እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ፤ ማንም መጥቶ ምንም ቢልህ እንዳትነካ አልኩት። እንደ ተማሪ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። «እሺ፣ አባት» አለ። ስንወጣ መስኮቱን ሳይሆን ሦስተኛውን መብራት ያይ ነበር።

ደረጃውን በዝግታ ወረድን። አማቼ ከፊቴ ነው፤ በየአሥር ደረጃው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ የሚጠብቀኝ እንዳይመስል ደግሞ የጫማውን ክር ያስራል። ዋሻው ውስጥ ውሃው ከብረቱ ወዲያ ማዶ ነው። አይታይም፤ ግን ብረቱ ላብ አለው፤ ሲነኩት ይርዳል። አማቼ ተንበርክኮ መበየድ ጀመረ። እኔ መብራቱን ይዤ ቆምኩ። ሰዓቴን አላየሁም። ላለማየት ስል እጄን አላጠፍኩም።

ስምንት ሰዓት መሙላቱን ያወቅኩት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ከታች ሲሰማ ሌላ ድምፅ ነው። ከራስ በላይ ይመጣና በጥርስ ውስጥ ያልፋል። በሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቆጠርኩ። አማቼ ቀና አላለም፤ የእሳቱ ጭላንጭል ግን ጠፋ፤ እሱም እንደ እኔ እየቆጠረ ነበር።

ቆመ። ውሃው ማዶ ቀረ።

«አባባ» አለ ሳይዞር። «መብራቱን ያቁሙት። እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርድ ነው» አልኩት።

«አዎ፤ ይበርዳል» አለና እንደገና አቀጣጠለ።